ከዕዳ ምርመራ መውጣት፦ በየትኛው በር?

ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ሥርዓት ነበር። ባለዕዳው ዕዳውን እስኪከፍል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ ከአበዳሪው ጋር ተቆራኝቶ ይውል፣ ወደ ዳኛም አብሮት ይሄድ ነበር። ይህም «ቁራኛ» ይባል ነበር። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ ግን ከአፋችን አልጠፋም፤ ታሞ የተኛውን «የአልጋ ቁራኛ»፣ በጥብቅ የሚጠበቀውን «የዓይን ቁራኛ» እንላለን። በዚህ ጥንታዊ ልማድ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰንሰለቱ ባለዕዳውን ብቻ ሳይሆን አበዳሪውንም ጭምር የሚይዝ መሆኑ ነው። ባለዕዳውም «ይበቃኛል» ስላለ ብቻ አይፈታም ነበር።

ይህን ያነሣነው ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው የሥነ ምግባር ጥያቄ ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። አንድ ሰው ዕዳ ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት በሕግ ጥላ ሥር ተጠለለ እንበል። ሕጉም ከአበዳሪዎቹ ክስ ጠበቀው፣ ክፍያውንም አቃለለለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኑሮው ተሻሻለ። አሁን ከዚያ ጥላ ሥር መውጣት ይፈልጋል። መውጣት ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በየትኛው በር?

ጥያቄው በየአገሩ የሚነሣ ቢሆንም በደቡብ አፍሪካ ሕግ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ በተለይም ከሆሳዕና ዙሪያ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ከእነርሱም መካከል የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው፣ ቤትና መኪና በባንክ ብድር ገዝተው የሚኖሩ አሉ። እንዲህ ያሉት ሲቸገሩ ምክር የሚጠይቁት አገር ቤት ያለውን ወላጅ ወይም የሚያከብሩትን ካቴኪስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ማወቅ፣ ከዚያም ሕጉ የሚለው ከኅሊና ጋር እንዴት እንደሚስማማ ማሰብ ለሁላችንም ይጠቅመናል።

፩. ጥላው ምን ዓይነት ነው?

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የብድር ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ስለ ዕዳ ምርመራ የሚናገሩት ክፍሎቹ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል። ከዚያ በፊት ዕዳ የበዛበት ሠራተኛ በሕግ የተከፈቱለት መንገዶች ጠባብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የማጂስትሬት ፍርድ ቤቶች ሕግ የሚፈቅደው የዕዳ አስተዳደር ትእዛዝ አነስተኛ ዕዳ ላለባቸው ብቻ የታሰበ ነው፤ ጣሪያውም 50,000 ራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የኪሳራ ሕግ ደግሞ የሰውየው ንብረት ተሸጦ ለአበዳሪዎች ጥቅም የሚሰጥ ነገር መኖሩ እንዲታይ ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ንብረት የሌለው ድኻ በዚያ በር መግባት ይቸግረዋል።

አዲሱ ሕግ የዕዳ ምርመራ የተባለውን ሥርዓት አቆመ። ባለዕዳው በብሔራዊ የብድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወደ ተመዘገበ የዕዳ አማካሪ ቀርቦ ያመለክታል። አማካሪውም ለአበዳሪዎቹና ለብድር መረጃ ድርጅቶች ያስታውቃል፤ ገቢውንና ወጪውን፣ ያለበትንም ዕዳ ሁሉ ይመረምራል። በሕጉ አነጋገር ሰው «ከዐቅም በላይ ዕዳ አለበት» የሚባለው ያሉት ማስረጃዎች ሲመዘኑ የብድር ግዴታዎቹን ሁሉ በየጊዜያቸው መወጣት የማይችል ሆኖ ሲገኝ ነው። እንዲህ ከሆነ አማካሪው ክፍያው በረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ለማጂስትሬት ፍርድ ቤት ሐሳብ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም መርምሮ ያዝዛል ወይም ሐሳቡን ውድቅ ያደርጋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው ክፍያውን እስካልተጓደለ ድረስ አበዳሪው በተመረመረው ዕዳ ቤቱንና መኪናውን ሊነጥቀው አይችልም። በምላሹ ባለዕዳው አዲስ ብድር ከመውሰድ ይከለከላል፤ በስሙም ላይ በብድር መረጃ መዝገብ ምልክት ይደረጋል። እንግዲህ ሁለቱም እንደ ጥንቱ ቁራኛ በአንድ ሰንሰለት ተይዘዋል ማለት ነው።

፪. በሮቹ

ከዚህ ሥርዓት መውጫው አንድ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የሚከፈተው በር ሰውየው ባለበት ደረጃ ይወሰናል።

የመጀመሪያው በር ገና በጅምሩ ያለው ነው። አማካሪው ምርመራውን ጨርሶ ከዐቅም በላይ ዕዳ እንዳለበት ከመወሰኑ በፊት ባለዕዳው ማመልከቻውን ሊተው ይችላል። አማካሪው መርምሮ «ከዐቅምህ በላይ አይደለም» ካለውም ጉዳዩ በዚያው ያበቃል፤ ባለዕዳው በዚህ ካልተስማማ ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው በር አማካሪው ከወሰነ በኋላ፣ ነገር ግን ፍርድ ቤት ገና ትእዛዝ ሳይሰጥ የሚገኘው ነው። በዚህ ጊዜ ባለዕዳው ወይም አማካሪው ብቻውን «ትቼዋለሁ» ሊል አይችልም፤ ጉዳዩ በዳኛው ፊት ነውና ሐሳቡን ለመቀበልም ሆነ ውድቅ ለማድረግ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤቱ ነው። ባለዕዳው ኑሮው እንደተሻሻለ በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው በር ከፍርድ ቤት ትእዛዝ በኋላ ያለው ነው፤ እርሱም መክፈል ነው። ዕዳውን ሁሉ የከፈለ ሰው ከዕዳ ነፃ የመሆን ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከማርች 13 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን በር ሰፋ አድርጎታል፤ የቤት ብድር ያለበት ሰው ሌሎቹን ዕዳዎች ሙሉ በሙሉ ከከፈለ፣ በቤት ብድሩም ላይ ውዝፍ ከሌለበትና ወደፊት ለመክፈል መቻሉን ካሳየ፣ የቤቱ ብድር እስኪያልቅ ሃያ ዓመት ሳይጠብቅ ምስክር ወረቀቱን ያገኛል። አማካሪው ወረቀቱን በ7 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ ወይም ቸል ካለ ባለዕዳው ወደ ብሔራዊ የሸማቾች ትሪቡናል አቤት ማለት ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ መውጫ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መባረር ነው፤ ባለዕዳው ክፍያውን ካቋረጠ ጥላው ይነሣና አበዳሪው ወደ ክስ ይመለሳል። ሁለተኛው በኪሳራ ሕግ መሠረት ንብረትን ለፍርድ ቤት ማስረከብ ነው፤ ይህ ደግሞ ከባድ በር ነው፤ ሰውየው በፍርድ ቤት ቀድሞ ካልተፈታ በስተቀር ከኪሳራ ሁኔታ በራሱ የሚላቀቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነውና።

፫. «ተሽሎኛልና ልቀቁኝ»

አሁን ወደ ኅሊና ጥያቄ እንግባ። ለመረዳት እንዲቀል አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። በጆሃንስበርግ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። በወር 20,000 ራንድ ታገኛለች፤ ለቤተሰቧ መኖሪያ 11,000 ያስፈልጋታል፤ ለዕዳ የሚቀራት 9,000 ሲሆን በየወሩ የሚጠበቅባት ግን 14,000 ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ክፍያዋ ወደ 9,000 ዝቅ አለ፤ 5,000 ለቤት፣ 2,500 ለመኪና፣ 1,500 ለልዩ ልዩ ዕዳ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተሻለ ሥራ አግኝታ ገቢዋ 27,000 ደረሰ፤ የኑሮ ወጪዋም 12,000 ሆነ። አሁን 15,000 ይተርፋታል። ልጇ ኮሌጅ ሊገባ ነውና ለትምህርቱ መበደር ፈለገች። አበዳሪው ስሟን በመዝገብ ሲያይ ግን በሩን ዘጋባት። እርሷም «የተጠለልኩት ስለቸገረኝ ነበር፤ አሁን አልቸገረኝም፤ ስለዚህ ልቀቁኝ» አለች።

ይህ አቤቱታ ተራ አቤቱታ አይደለም፤ በማቃለልም አናልፈውም። ለድኻ የተሠራ ጥላ ድህነቱ ካለፈ በኋላ እስር ቤት ሊሆን አይገባውም። የአንዲት እናት የልጇ ትምህርት በመዝገብ ላይ ባለ ምልክት ሲሰናከል ማየት ያሳዝናል። ይህን መሰሉ ጥያቄ በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶችም ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጆሃንስበርግ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ክፍያው በትእዛዝ ከተደለደለ በኋላ ፍርድ ቤት ባለዕዳው «ተሽሎኛል» ስላለ ብቻ ከሥርዓቱ ሊያወጣው እንደማይችል፣ መንገዱም ምስክር ወረቀቱ መሆኑን አመልክቷል።

ይህ ጭካኔ ነውን? እኛ ነገሩን ስንመዝነው እንዲህ ይታየናል። እናቲቱ «ተሽሎኛል» ስትል የምትናገረው ቃል እውነት ከሆነ ትርጉሙ «መክፈል እችላለሁ» ማለት ነው። መክፈል የምትችል ከሆነ ደግሞ አበዳሪዎቿ የተስማሙት ወይም በፍርድ የተቀበሉት መዘግየት ምክንያቱ አልፏል ማለት ነው። እነርሱ ገንዘባቸውን የጠበቁት እርሷ «አልችልም» ስላለች ነበር። እንግዲህ ነፃ የሚያወጣት ቃል ራሱ ግዴታዋን ያስታውሳታል፤ መሻሏ ለአዲስ ብድር ምክንያት ከመሆኑ በፊት ለአሮጌው ዕዳ መክፈያ ሊሆን ይገባል።

ይህ በጎደሎ ቃል የሚነገር ምክር አይደለም፤ በሒሳብም ይታያል። የመኪናውና የልዩ ልዩ ዕዳው ቀሪ በድምሩ 120,000 ራንድ ነው እንበል። በተደለደለው ክፍያ በወር 4,000 ብትከፍል ወለዱን ሳንቈጥር 30 ወር ይወስድባታል። የተረፋትን 6,000 ብትጨምርበት ግን በወር 10,000 ይሆንና በ12 ወር፣ ወለዱ ሲታከልበትም ከዚያ ጥቂት ቈይቶ ያልቃል። የቤቱን ብድር ያለ ውዝፍ ከያዘች ምስክር ወረቀቷን ትቀበላለች። በዚያን ጊዜ የብድር መረጃ ድርጅቶች በስሟ ላይ የነበረውን ምልክት፣ ወደዚያም ያደረሳትን የቀድሞ ጉድለት ጭምር ከመዝገባቸው እንዲሰርዙ ሕጉ ያዝዛቸዋል። ይህን ልብ እንበል፤ ሕጉ እውነተኛ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ያለፈውን መርሳትን እንደ ግዴታ አስቀምጧል። ብዙዎቻችን የከፈለውን ሰው እንኳ «እርሱ እኮ ባለዕዳ ነበር» እያልን ስሙን ስለምናነሣ ከዚህ የምንማረው አለን።

ልጇስ? ኮሌጁ አንድ ዓመት ሊዘገይ፣ ወይም ከዘመድ እርዳታ ሊፈለግ፣ ወይም ከተረፈው 6,000 ላይ ጥቂቱ ለትምህርት ውሎ የዕዳው ማለቂያ በዚያው ልክ ሊገፋ ይችላል። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ 9,000 ነውና ከዚያ በላይ የምትከፍለውን መጠን የምትወስነው እርሷ ናት። ምርጫው ሕመም አለበት፤ ሕመም የሌለበት ነው ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ከእጇ የወጣውን ነገር ሁሉ በግልጽ የምትናገርበት ምርጫ ነው።

፬. የሐሰት በር ሻጮች

በዚህ ሕመም ላይ የሚነግዱ ሰዎች መኖራቸው ያስፈራናል። «ገንዘብ ክፈሉኝ፣ ስማችሁን ከመዝገብ አስፍቄ ከዕዳ ምርመራ አወጣችኋለሁ» የሚሉ ናቸው። ከላይ እንዳየነው ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ በሕግ የሚታወቀው ወረቀት ዕዳው ሲከፈል የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው። ያለ ክፍያ ወረቀት አወጣለሁ የሚል ሰው ወይ ገንዘብ ተቀብሎ ይጠፋል፣ ወይም የሐሰት ምስክርነት ያዘጋጃል። በዚህም ባለዕዳው ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ በመጀመሪያ ለዕዳው መክፈያ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ያጣል፤ ቀጥሎም በሐሰት ሥራ ተባባሪ ይሆናል። ክፍያውን አቋርጦ ከሆነ ደግሞ ጥላው ይነሣና ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል።

ካቴኪስቶቻችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብላቸው በመጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባቸው ጥያቄ ቀላል ነው፤ «ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም?» የሚለው ነው። ካልሰጠ ገና በዳኛው ፊት የሚነገር ነገር አለ። ከሰጠ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ «ከየትኛው ዕዳ ቢጀመር ቶሎ ያልቃል?» የሚል ይሆናል።

፭. ሰንሰለቱን የያዘውም ታስሯል

እስካሁን የተናገርነው በባለዕዳው ላይ ያተኰረ ነበር። ፍትሕ ግን በሁለት ወገን የምትመዝን ናት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ዕዳን መክፈልን ከፍትሕ ግዴታዎች መካከል ይቈጥራል (ቁ. 2411)፤ ነገር ግን ውል የሚጠበቀው ግዴታው በሥነ ምግባር ትክክለኛ እስከሆነ ድረስ መሆኑንም ጨምሮ ያስተምራል (ቁ. 2410)። የደቡብ አፍሪካ ሕግም ይህን የሚመስል ነገር አለው። አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል ዐቅም ሳይመረምር፣ ወይም ብድሩ ሰውየውን ከዐቅም በላይ ዕዳ ውስጥ እንደሚከት እያወቀ አበድሮ ከሆነ ብድሩ «ግዴለሽ ብድር» ይባላል፤ ፍርድ ቤትም የባለዕዳውን ግዴታ በሙሉ ወይም በከፊል ሊያነሣለት ይችላል። ደግሞም ክፍያ በተጓደለበት ጊዜ የሚጠራቀመው ወለድና ልዩ ልዩ ወጪ ጉድለቱ በተፈጠረበት ጊዜ ከነበረው ያልተከፈለ ዋና ገንዘብ እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል።

ስለዚህ ከላይ የጠቀስናት እናት ወደ ክፍያ ከመጣደፏ በፊት አማካሪዋን «ከእነዚህ ብድሮች መካከል ሲሰጠኝ ገቢዬ ያልተመረመረበት አለን?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። ይህ ከዕዳ መሸሽ አይደለም፤ የሚገባውን ከማይገባው መለየት ነው።

አማካሪውም ኀላፊነት አለበት። ዕዳው በተከፈለ በ7 ቀን ውስጥ ሊሰጥ የሚገባውን ወረቀት በቸልታ ለወራት ማዘግየት የሌላውን ሰው ቀን መስረቅ ነው። ባንኩም ክፍያውን ተቀብሎ ሒሳቡ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሳይጽፍ ቢቀር እንዲሁ ነው። የተከፈለበትን ሰንሰለት አለመፍታት ያለ ዕዳ ሰውን እንደ ማሰር ይቈጠራል።

ስለ ምሕረትም አንድ ቃል እንጨምር። በብሉይ ኪዳን በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው፣ በኀምሳኛውም የኢዮቤልዩ ዓመት ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ የታዘዘ መሆኑን እናውቃለን። ያ ትእዛዝ የተሰጠው ግን ገንዘቡ በእጁ ላለው ለአበዳሪው ነው፤ «እጅህን ፍታ» የተባለው እርሱ ነው። ምሕረት ከሰጪው የሚመጣ እንጂ ተቀባዩ ራሱ የሚወስደው አይደለም። አንድ አበዳሪ ቀሪውን ቢተው መልካም አደረገ፤ ባለዕዳው በጐን በር ቢወጣ ግን የምሕረትን መልክ ወስዶ እውነቷን አስቀርቷል።

፮. ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። በየቁምስናችን በቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረ፣ ዝናም በመቅረቱ ወይም ከብት በመሞቱ መክፈል ያቃተው፣ ማኅበሩም ተሰብስቦ ጊዜ ያራዘመለት ገበሬ ይኖራል። በሚቀጥለው ዓመት አዝመራው ሲሰምር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በሬ ይገዛል ወይስ መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ ይሄዳል? ዋሱ ጐረቤቱ በየሳምንቱ በገበያ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል ወይስ ሰላም ይለዋል? ጥያቄው በጆሃንስበርግ ካለው ጋር አንድ ነው። በሬውም ያስፈልገዋል፤ ማኅበሩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቀጥተኛው መንገድ ወደ ማኅበሩ ቀርቦ «እህሌ ይህን ያህል ነው፤ በሬ ለመግዛት ይህን ያህል ያስፈልገኛል፤ ለዕዳው ይህን አመጣሁ» ብሎ መናገር ነው። ማኅበሩም እንዲህ ሲነገረው የተቀረውን ጊዜ በቅንነት ሊሰጥ፣ ዕዳው ሲያልቅም ስሙን ከመዝገቡ ሊሰርዝለትና ዋሱን ሊያሰናብት ይገባል።

ውድ ምእመናንና ካቴኪስቶች፤ በደቡብ አፍሪካ ዘመድ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ በስልክ ስትነጋገሩ ሳታሳፍሩ ጠይቋቸው። ባለዕዳ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፍረው ከቤተሰቡ ነውና ስለሚያፍር ይደብቃል፤ ስለሚደብቅም የሐሰት በር ሻጮች ያገኙታል። ከቤት የሚላክ ገንዘብ እንዲቀንስላቸው ለአንድ ዓመት መታገሥ የምንችል ከሆነ ይህንንም እንንገራቸው። ምናልባት ያ 6,000 ራንድ በየወሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የእኛ መታገሥ ሊሆን ይችላል።